«ገባችሁ?» «አዎ!»፦ ለሌለ ተማሪ የሚዘጋጅ ትምህርት

የሰፈራችንን አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ቅዳሜ ቅዳሜ ሒሳብ አስጠናለሁ። አስተማሪ አይደለሁም፤ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። የጀመርነው እናቷ መንገድ ላይ አስቁመውኝ «አንተ ልጅ፣ እስቲ ይቺን ልጅ እያትልኝ፤ ትምህርቱ ጭንቅላቷ አልገባ አለ» ስላሉኝ ነው። እናቷ ጉሊት ሽንኩርትና ቲማቲም ይሸጣሉ። ልጅቷም ከትምህርት ቤት ስትመለስ እሳቸውን ተክታ ትቀመጣለች።

የመጀመሪያው ቅዳሜ መጽሐፏን ገለጥንና አንድ ጥያቄ አነበበች። እንግሊዝኛውን ጥርት አድርጋ ነው ያነበበችው። ከዚያ ዝም። አንድ ደቂቃ አለፈ፤ እርሳሷን ነከሰች። «አልገባሽም?» ስላት «ገብቶኛል» አለች። ወረቀቱ ላይ ግን ምንም አልጻፈችም። ቆየት ብላ በቀስታ «ቲቸር፣ ዲተርማይን ማለት ምንድን ነው?» አለችኝ።

ጥያቄውን በአማርኛ ነገርኳት። «አንዲት ነጋዴ ቦርሳ በ800 ብር ገዛች። 15 ከመቶ ማትረፍ ፈልጋለች። በስንት ትሽጠው?» ወረቀት እንኳ አላስፈለጋትም። «አሥር ከመቶው 80 ነው፣ የሱ ግማሽ 40፤ አንድ ላይ 120። በ920 ትሽጠው» አለች። እኔ ስልኬን አውጥቼ ካልኩሌተር ሳልከፍት ጨርሳዋለች።

ታዲያ ጭንቅላቷ አልገባ ያለው ምንድን ነው?

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ «ችግሩ እንግሊዝኛው ነው» ብዬ እደመድም ነበር። ግን አላበቃም። ሁለተኛውን ጥያቄ ከመጀመሪያው በአማርኛ ሰጠኋት፤ ሁለት ሦስተኛ ሲደመር አንድ አራተኛ። «ሦስት ሰባተኛ» ብላ ጻፈች። የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ ደምራ ማለት ነው። ይሄ አንደኛ ደረጃ እያለች ማለፍ የነበረባት ትምህርት ነው። ያ ቀዳዳ ሳይደፈን በላዩ ላይ ሌላው ትምህርት ዓመት በዓመት ሲደረደርባት ኖሯል። ማንም አላየውም። እንዴት ይታይ? ክፍል ውስጥ የሚጠየቀው «ገባችሁ?» ነው፤ የሚመለሰውም በአንድ ድምፅ «አዎ!» ነው።

ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ የራሴን የትምህርት ዘመን እያሰብኩ ነበር። ስንት ጊዜ «አዎ!» ብያለሁ? ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት አንድ ነገር ለማለት ነው። ብዙው ትምህርታችን የሚዘጋጀው ክፍሉ ውስጥ ለሌለ ተማሪ ነው። ያ ተማሪ እንግሊዝኛው አይቸግረውም፣ ያለፈውን ዓመት ትምህርት አንድም ሳያስቀር ይዟል፣ ጥርት አድርጎ ያያል፣ ጥርት አድርጎ ይሰማል፣ ሆዱም ጠግቧል። እሱን የሚመስሉ ጥቂቶች ያልፋሉ። የቀረነው «ሰነፍ» እንባላለን።

ብዙ ሰው ሲወድቅ

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት የወጣበትን ሰሞን ታስታውሳላችሁ። ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው የተፈተኑበት የመጀመሪያው ዓመት ነበር። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። በየቤቱ፣ በየታክሲው፣ በየፌስቡኩ ጥፋተኛ ፍለጋ ተጀመረ። አንዱ ቲክቶክን፣ አንዱ መምህራንን፣ አንዱ ወላጅን፣ አንዱ ደግሞ ድሮ የነበረውን ኩረጃ ከሰሰ። ኩረጃው እውነት ነው፤ ፈተናው ሲጠብቅ የተሸፈነው ተገለጠ።

እኛ ኢኮኖሚክስ የተማርን ሰዎች ግን አንድ ልማድ አለን። አንድ ፋብሪካ ከሚያመርታቸው 100 ጫማዎች 3ቱ ተበላሽተው ቢወጡ ጫማዎቹን እናያለን። 97ቱ ተበላሽተው ቢወጡ ግን ጫማውን ማገላበጥ ትተን ማሽኑን ነው የምናየው።

ማሽኑን ስናይ ደግሞ ብልሽቱ የሚጀምረው 12ኛ ክፍል እንዳልሆነ እንረዳለን። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ልብ በሉ፣ ምዘናው የተደረገው በእንግሊዝኛ አልነበረም፤ በሚማሩበት የአገር ቤት ቋንቋ ነው። በ2014 ዓ.ም. የተፈተኑት ልጆች ትምህርት የጀመሩት በዚያው ዘመን ገደማ ነው። ያኔ ፊደል ያልለየ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ገባ፣ አራተኛ ገባ፣ እንዲህ እያለ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ የሁሉም ትምህርት ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆኖ ጠበቀው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? እኛ አፍሰን መልቀሙንም ረሳነው።

መጽሐፉ የተጻፈው ለማን ነው?

«መጽሐፍ ይታደል፣ ሁሉም ይስተካከላል» የሚል ሰው ብዙ ነው። እኔም እንደዚያ አምን ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ አንድ ጥናት አንብቤ እስክደነግጥ ድረስ።

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በምዕራብ ኬንያ፣ መጽሐፍ እንደ ልብ በማይገኝባቸው የገጠር ትምህርት ቤቶች የመማሪያ መጽሐፍ በነፃ ታደለ። ፖል ግሉዊ፣ ማይክል ክሬመርና ሲልቪ ሙለን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች መጽሐፍ ያገኙትን ትምህርት ቤቶች ካላገኙት ጋር አነጻጸሩ። አማካይ ውጤቱ ንቅንቅ አላለም። መጽሐፉ የጠቀመው ድሮውኑ ጥሩ ውጤት የነበራቸውን ተማሪዎች ብቻ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ለመገመት አይከብድም። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ እንግሊዝኛ ደግሞ ለብዙዎቹ ልጆች ከአፍ መፍቻቸውና ከስዋሂሊ ቀጥሎ ሦስተኛ ቋንቋ ነው። ሥርዓተ ትምህርቱም የተቀረጸው ለጎበዙ ነበር። ማንበብ የማይችለው ልጅ የታደለው ወረቀት ነው ማለት ይቻላል። ክሬመር በ2019 እ.ኤ.አ. ከአብሂጂት ባነርጂና ከኤስተር ዱፍሎ ጋር የኖቤል ሽልማት ያገኘው ይህን በመሳሰሉ ሥራዎች ነው።

ጥናቱ መጽሐፍ አያስፈልግም አይልም። የሚለው፣ የተሰጠው ነገርና ልጁ ያለበት ቦታ ካልተገናኙ ወጪው ይወጣል፣ ትምህርቱ ግን አይገባም ነው።

የማይጠብቀው አስተማሪ

የኛን አገር ምሳሌ ከፈለጋችሁ ፕላዝማን አስታውሱ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ትልልቅ ስክሪኖች ተሰቀሉና በሳተላይት ትምህርት መተላለፍ ጀመረ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ጥሩ መምህር በሌለበት ወረዳ ያለ ልጅም አዲስ አበባ ያለው የሚያየውን ትምህርት እንዲያይ ነው። ፍትሐዊነት እኮ ነው!

እኔም ፕላዝማ ላይ ተምሬአለሁ። የዘመኑ ሰው ሁሉ የሚያውቃት ቀልድ አለች። የፕላዝማው አስተማሪ በፈጣን እንግሊዝኛ ጥያቄ ይጠይቃል። ጥቂት ሴኮንዶች ይጠብቃል። እኛ ገና ጥያቄውን እየቀዳን ነን። ከዚያ ፈገግ ብሎ «ቬሪ ጉድ!» ይላል። ማን መለሰ? ማንም! «ቬሪ ጉድ» የተባለው ያ ክፍሉ ውስጥ የሌለው ተማሪ ነው።

መምህራችን ጥግ ላይ ቆሞ ያያል። እሱም ማስቆም አይችልም፤ ስርጭት ነው። ሲያልቅ በቀሩት ጥቂት ደቂቃዎች ትልቁን ነገር ጠቅለል አድርጎ ለማስረዳት ይሞክራል። እውነቱን ለመናገር የገባን ነገር ካለ የገባን በነዚያ ደቂቃዎች ነው። መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ ደስ ይለን ነበር። የምንደሰተው ትምህርት ስለቀረ አልነበረም፤ የዚያን ቀን መምህሩ ራሱ ስለሚያስተምር ነው።

ከፕላዝማ የተማርኩት ትልቅ ነገር ይህ ነው። ለሁሉም አንድ ዓይነት ትምህርት መስጠትና ሁሉም እንዲማር ማድረግ አንድ ነገር አይደሉም። ለሁሉም 40 ቁጥር ጫማ ብታድሉ እኩል ሰጥታችኋል፤ ሰፈሩ ግማሹ ግን እያነከሰ ነው የሚሄደው።

የኔታ የሚያውቁት ነገር

መፍትሔው ከውጭ ብቻ የሚመጣ አይምሰላችሁ። ቄስ ትምህርት ቤት የተማረ ዘመድ ካላችሁ ጠይቁት። ዛፍ ሥር ወይም ደጀ ሰላም አጠገብ ሠላሳ ልጅ ተኮልኩሎ ሁሉም በየራሱ ድምፅ ይጮኻል። ለማያውቅ ሰው ትርምስ ይመስላል። ግን አንዱ ገና ሀሁ ላይ ነው፣ አንዱ አቡጊዳ ጀምሯል፣ አንዱ መልእክተ ዮሐንስ እያነበበ ነው፣ ትልቁ ዳዊት ይደግማል። ሁሉም በተራው የኔታ ፊት ቀርቦ ያሰማል። ካወቀው ያልፋል፤ ካላወቀው እዚያው ይቆያል። የበሰለው ልጅ ታናሹን ያስቆጥራል። ጋን በጠጠር ይደገፋል ማለት ይህ ነው።

ድሮን ለማሞገስ አይደለም። አለንጋው ነበር፤ የሚያነቡትን ሳይረዱ ማነብነብ ነበር፤ ብዙውን ጊዜ የሚማሩትም ወንዶች ብቻ ነበሩ። አደረጃጀቱ ግን አንድ የተረዳው ነገር አለ። ልጅ የሚቀጥለው ባለበት ቦታ ላይ ቆሞ ነው። ዕድሜው ዘጠኝ ስለሆነ ብቻ ሀሁን ያልጨረሰ ልጅ ዳዊት አይሰጠውም። የኔታ «ገባችሁ?» ብለው አይጠይቁም። «በል አሰማኝ» ነው የሚሉት።

ይህንኑ ሐሳብ ህንድ ውስጥ ፕራታም የተባለ ድርጅት በዘመናዊ ትምህርት ቤት ሞከረው። ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ክፍል ያሉ ልጆችን አንድ በአንድ እየጠራ በጥቂት ደቂቃ ይፈትናል። ፊደል ይለያል? ቃል ያነባል? አንቀጽ ያነባል? አጭር ታሪክ ያነባል? ከዚያ በቀን ለተወሰነ ሰዓት ልጆቹን በክፍል ሳይሆን በደረሱበት ቦታ ይመድባል። የአምስተኛ ክፍሉ ልጅ ፊደል ካልለየ ለዚያች ሰዓት ፊደል ከሚማሩት ጋር ይቀመጣል። ሲለይ ወደ ቀጣዩ ቡድን ይሻገራል። ባነርጂና ዱፍሎ ከባልደረቦቻቸው ጋር ዓመታት ወስደው ፈተሹት፤ በደንብ ሲተገበር ልጆቹ ማንበብ ቻሉ። ዛምቢያም ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምራ የራሷን ተመሳሳይ ፕሮግራም አስፋፍታለች።

እዚህ ጋ ለባለሥልጣን ጆሮ የሚሆን ቁም ነገር አለ። በአንዳንድ የህንድ ግዛቶች መምህራኑ ሠለጠኑ፣ መርጃ መሣሪያውም ተሰጣቸው፤ ውጤት ግን አልታየም። ለምን? መደበኛው ክፍለ ጊዜ ውስጥ ሲገቡ መጽሐፉን ወደ መሸፈን ተመለሱ። ሃርያና በተባለችው ግዛት ግን ከትምህርት ቀኑ ላይ ለዚህ ብቻ የሚሆን ሰዓት ተቆርጦ ተሰጠ፣ የሚከታተልም ተመደበ፤ የንባብ ውጤቱ ተሻሻለ። ሥልጠና ብቻውን በቂ አይደለም፤ ሰዓት መስጠት ያስፈልጋል።

መዳፍ ላይ የተሳለ መስመር

«ለሁሉም ተማሪ» ስንል ማየት ወይም መስማት የተሳናቸውንም ማለታችን መሆን አለበት። ብዙ ጊዜ ይህ ጉዳይ እንደ በጎ አድራጎት ነው የሚታየው። ለጥቂቶች ሲባል ሁሉም የሚከፍለው ዋጋ ይመስላል። እኔ እንዲህ እንዳልሆነ የተማርኩት ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ነው።

ኢኮኖሚክስ በግራፍ የተሞላ ነው። መምህራችን ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር አሰመረና «ይህ ወደዚህ ሲሸሽ ይህ ነጥብ እዚህ ይመጣል» አለ። እኛ በየደብተራችን ገለበጥን። ማየት የተሳነው አንድ የክፍላችን ልጅ እጁን አወጣና «መምህር፣ ‹ይህ› የሚባለው የቱ ነው?» ሲል ጠየቀ። ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ ትንሽ ዝም ብሎ ቾኩን አስቀመጠና እንደገና ጀመረ። «ዋጋ ሲጨምር ሰው የሚገዛው ይቀንሳል። ስለዚህ የገዢዎች መስመር ከላይ ከግራ ተነስቶ ወደ ቀኝ እየወረደ ይሄዳል። ሻጮች ደግሞ ዋጋ ሲጨምር ብዙ ማቅረብ ይፈልጋሉ፤ የነሱ መስመር ከታች ከግራ ተነስቶ ይወጣል። የሚገናኙበት ቦታ ገበያው የሚረጋበት ዋጋ ነው።»

የሳቅነው ሰዎች ግራፉ የገባን ያን ጊዜ ነው። እኔ ራሴ አሳምሬ ገልብጬው ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። ማታ ዶርም ውስጥ መዳፉን ዘርግቶልኝ በጣቴ መስመሮቹን ስስልለት፣ «ታክስ ሲጨመርስ የቱ ይነሳል?» ብሎ ጠየቀኝ። ለመመለስ ሳስብ እኔም ተማርኩ።

ሮናልድ ሜስ የሚባል አሜሪካዊ አርክቴክት ነበር። በልጅነቱ ፖሊዮ ይዞት በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ሰው ነው። ሕንፃ ከተሠራ በኋላ ለአካል ጉዳተኛ ተብሎ የሚለጠፍ ነገር ከመፈለግ፣ ከመነሻው ሁሉም ሰው እንዲጠቀምበት አድርጎ መንደፍ ይሻላል የሚለውን ሐሳብ ያስፋፋው እሱ ነው። የእግረኛ መንገድ ጫፍ ላይ የሚሠራውን ዝቅ ያለ ማቋረጫ አስቡት። ለዊልቸር ተብሎ ይሠራል፤ ጋሪ የምትገፋ እናት፣ ሻንጣ የሚጎትት መንገደኛ፣ ጉልበታቸው የደከመ አዛውንት ሁሉ ይሄዱበታል። ይህ ሐሳብ ኋላ ላይ ወደ ትምህርትም ገባ። ትምህርቱን ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ አቅርብ፤ ተማሪው ያወቀውን ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ እንዲያሳይ ፍቀድለት፤ ለምን እንደሚማረውም አሳየው። ዋናው ነገር ይኸው ነው።

መምህራችን ያን ቀን ያወጣው ተጨማሪ ገንዘብ ስንት ነው? ዜሮ። «ይህ» የምትለዋን ቃል በስም ተካ፤ አለቀ።

ደረጃ ማውረድ ወይስ ደረጃ መሥራት?

እዚህ ስደርስ የሚነሳውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። «እንዲህ ከሆነ እኮ የትምህርት ደረጃ ይወርዳል፤ ጎበዙም ወደ ኋላ ይጎተታል።» ስጋቱ ከንቱ አይደለም።

አማርኛችን ግን እዚህ ላይ ያግዘናል። ደረጃ ስንል አንድም ልክና መለኪያ ማለታችን ነው፤ አንድም የምንወጣበት መወጣጫ። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቢሮ ይከብዳል ተብሎ ወደ ምድር ቤት አይወርድም። ግን ደረጃ ይሠራለታል። ደረጃ ሳይሠሩ «ውጣ» ማለት፣ ያልወጣውንም ሰነፍ ማለት ነው እየተደረገ ያለው። የማለፊያ ነጥቡ ግማሽ ይሁን፤ እኔ በዚህ ቅሬታ የለኝም። ጥያቄዬ መወጣጫው የት አለ ነው።

ጎበዙ ይጎዳል ለሚለውም እንደገና ወደ ኬንያ እንመለስ። በ121 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንድ ተጨማሪ መምህር ተቀጥሮ አንደኛ ክፍል ለሁለት ተከፈለ። በግማሾቹ ትምህርት ቤቶች ልጆቹ በዕጣ ተመደቡ፤ በቀሩት በነበራቸው ውጤት ተመደቡ። በውጤት በተመደቡት ዘንድ ከላይ ያሉትም ከታች ያሉትም ተሻሻሉ። መምህሩ ለሁሉም ሳይሆን ለማንም የማያወራበት ሁኔታ ቀረና ፊቱ ላሉት ልጆች ማስተማር ቻለ። ይህ ግን «የሰነፎች ክፍል» ብሎ ልጅን ለዓመት ማሸግ ማለት እንዳይመስላችሁ። የህንዱ ቡድን በቀን ለተወሰነ ሰዓት ነው፤ ያወቀ ልጅም ይሻገራል።

ሌላው ተቃውሞ ከመምህራን የሚመጣ ነው፤ በጣምም ተገቢ ነው። «ስልሳ ሰባ ልጅ ይዤ፣ በዚህ ደመወዝ፣ ማንን ማንን ልከታተል?» መምህሩ ላይ መጽሐፉን የመጨረስ ግዴታም አለበት። ሊቆጣጠር የመጣ ሰው «የትኛው ምዕራፍ ላይ ደረስክ?» ብሎ ይጠይቀዋል እንጂ «ስንቱ ልጅ አብሮህ ደረሰ?» አይለውም። እኛ ኢኮኖሚክስ ስንማር ሰው የሚለካበትን ነገር ያመርታል ተብለናል። ምዕራፍ ከተለካ ምዕራፍ ያልቃል። ስለዚህ ጥፋቱን መምህሩ ትከሻ ላይ መጫን አልፈልግም።

ገንዘብ የለም ለሚለው ግን መልስ አለኝ፤ ገንዘቡን እያወጣነው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የማለፊያ ነጥብ ያላገኙ ብዙ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሪሚዲያል ይማራሉ። ዕድሉን ማግኘታቸው ጥሩ ነው። ግን አስቡት፤ መኝታ፣ ምግብና የዩኒቨርሲቲ መምህር ተመድቦ የሚደፈነው ቀዳዳ ከፊሉ በሦስተኛ ክፍል በቀን አንድ ሰዓት ሊደፈን ይችል የነበረ ነው። ጣራው ማፍሰስ ሲጀምር አንድ ቆርቆሮ ይበቃል፤ ከዘገየ ግን ግድግዳውም ይፈርሳል።

በ«ገባችሁ?» ፈንታ

ሥርዓቱ እስኪለወጥ ምን እናድርግ? መምህር፣ አስጠኚ፣ ታላቅ ወንድም ወይም እህት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወይም የመድረሳ አስተማሪ የሆነ ሁሉ ነገ ሊሞክራቸው የሚችላቸው፣ እኔም እየተሳሳትኩ የተማርኳቸው ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ከመጨረሻው ጀምሩ። «ዛሬ ክፍልፋይ እናያለን» ማለት ግብ አይደለም። «ሲወጣ ታቻቸው የተለያየ ሁለት ክፍልፋዮችን መደመር ይችላል» ግን ግብ ነው፤ መድረስ አለመድረሱ ይታያል።

ሁለተኛ፣ ልጁ የት እንዳለ እወቁ። በመጀመሪያው ቀን በሩብ ወረቀት አምስት ጥያቄ ስጡ፤ ለማርክ እንዳልሆነ ንገሯቸው። «ሦስት ሰባተኛ» የሚለው ስህተት ከማንኛውም የሪፖርት ካርድ በላይ ነግሮኛል።

ሦስተኛ፣ «ገባችሁ?» ማለትን ተዉ። ያልገባው ልጅ ብቻውን እጁን አያወጣም፤ ያፍራል። በሱ ፈንታ አራት ምርጫ ያለው አንድ ጥያቄ ጠይቁና ሁሉም በአንድ ጊዜ መልሱን በጣቱ ያሳይ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ሰባ ልጅም ቢሆን በአምስት ሴኮንድ ታያላችሁ። ከዚያ ጎን ለጎን የተቀመጡት እርስ በርስ ያስረዱ፤ እንደገና ጠይቁ።

አራተኛ፣ የጥያቄ ቃላትን አስተምሩ። ዲተርማይን፣ ኮምፔር፣ ጀስቲፋይ፣ አት ሊስት፣ ሪስፔክቲቭሊ። እነዚህ ቃላት የማንም ትምህርት አይደሉም፤ የሁሉም ፈተና ላይ ግን አሉ። አሥሩን መርጣችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ አብራሩ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ይቆይ፤ መግቢያ በሩ ግን ይከፈት።

አምስተኛ፣ የምትጽፉትን ተናገሩ፣ የምትናገሩትን ጻፉ። ወደ ሰሌዳ ዞራችሁ አታውሩ፤ በከፊል የሚሰማ ልጅ ከንፈራችሁን ያያል። ከመጨረሻው ወንበር የሚነበብ አድርጋችሁ ጻፉ። መነጽር የሚያስፈልገው፣ ግን የሌለው ልጅ በየክፍሉ አለ።

ስድስተኛ፣ ተመለሱ። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ በራሱ ላይ ባደረገው ሙከራ ሰው የተማረውን ምን ያህል በፍጥነት እንደሚረሳ፣ እየቆየ ሲከልሰው ደግሞ እንደሚጸናለት በ1885 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ዛሬ ያስተማራችሁትን በሳምንቱ በአንድ ጥያቄ መልሱት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ከእነዚህ ውስጥ በጀት የሚጠይቅ የለም። ጊዜ ግን ይጠይቃሉ። አንድ ምዕራፍ ሊያስቀሩ ይችላሉ። እኔ የሚሻለኝ ሰባት ምዕራፍ ገብቶት የወጣ ልጅ ነው፤ አሥር ምዕራፍ ገልብጦ ከወጣው።

«የቱ ጋ?»

ወደዚያች ልጅ ልመልሳችሁ። ሦስት ሰባተኛዋን አልሰረዝኩባትም። «ሁለት ሦስተኛ እንጀራ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» አልኳት። «ይበልጣል።» «ሦስት ሰባተኛስ?» አሰበች፤ ሰባትን ለሁለት ከፈለች። «ያንሳል።» «ታዲያ ከግማሽ የሚበልጥ ነገር ላይ ጨምረንበት እንዴት ከግማሽ አነሰ?» ወረቀቱን አየችው። ሳቀች። «ውይ! ነጋዴ ብሆን ከስሬአለሁ» አለች። ከዚያ በኋላ አንዱን እንጀራ አሥራ ሁለት ቦታ ቆርጠን መቁጠር ብቻ ነበር የቀረን፤ ስምንትና ሦስት፣ አሥራ አንድ አሥራ ሁለተኛ።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ብዙ ቅዳሜዎች አልፈዋል። ጎበዝ ሆነች፣ አንደኛ ወጣች ልላችሁ አልችልም። ገና ብዙ የሚደፈን ቀዳዳ አለ። እናቷም አንዳንድ ቅዳሜ ገበያ ሲደራ «ዛሬ አትመጣም» ይሉኛል፤ ምን እላቸዋለሁ? የዕለት ጉርሳቸው ነው።

ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ነገር ነገረችኝ። ክፍል ውስጥ መምህሩ እንደ ልማዱ «ገባችሁ?» ሲል ክፍሉ «አዎ!» አለ። እሷ እጇን አወጣች። «እኔ አልገባኝም» አለች። ከኋላ የሳቀ ነበር። ሁለት ልጆች ግን «እኔም፣ ቲቸር» አሉ።

ፈራሁ። «መምህሩ ምን አለሽ?» አልኳት።

«‹የቱ ጋ?› አለኝ።»